ጎንደር ላይ በማሽን ጫጩት ለምታስፈለፍሉ

ቤቴ ውስጥ ማስፈልፈያ ማሽን እንዳለ የሰማ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ "ስንት ገዛሽው?" ብሎ ነው። ቀጥሎ "ስንት እንቁላል ይይዛል?" ይመጣል። እንቁላሉን ከየት እንደማመጣ የጠየቀኝ ሰው ግን ትዝ አይለኝም። ለእኔ ዋናው ጥያቄ እሱ ነው። ማሽን ያሞቃል፣ ያገላብጣል፣ በቃ። የሞተ እንቁላል አያስነሳም።

ስለዚህ ስለ ማሽኑ ትንሽ ብዬ ልለፍ። የእኔው ከቻይና የሚመጣው አነስተኛ የፕላስቲክ ዓይነት ነው። ፋን አለው፣ በራሱ ያገላብጣል፣ ሙቀቱንና እርጥበቱን በቁጥር ያሳያል። ከጣውላ ወይም ከተበላሸ ፍሪጅ ላይ አምፖል፣ ፋንና ቴርሞስታት (ሙቀቱን እያየ የሚያጠፋና የሚያበራ) ገጥመው የሚሠሩ ልጆችም አሉ። በደንብ የተሠራው ከውጭ ከሚመጣው አያንስም። እንዲያውም ሲበላሽ ጠጋኙ ቅርብ ነው። ፋን የሌለውን ግን አልመክርም። አየሩ ካልዞረ ላይኛው ይሞቃል፣ ታችኛው ይቀዘቅዛል፤ የትኛውን እንደምታምኑ ግራ ይገባችኋል።

አሁን ወደ እንቁላሉ። ሱቅ የሚሸጠውን ትልልቅ የፈረንጅ እንቁላል እርሱት። እንቁላል ለመሸጥ የሚያረቡ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ አውራ አይቀላቅሉም። ዶሮ ያለ አውራም ትጥላለች፤ እንቁላሉ ግን ጫጩት አይሆንም። አውራ ቢኖር እንኳ ቦቫንስና ሎህማን የሚባሉት ዶሮዎች ድቅል ናቸው። ጫጩቶቻቸው እናታቸውን አይተኩም። የአበሻ ዶሮ፣ ፋዩሚ ወይም ኮይኮክ ከሆነ ግን የምታውቁትን ዘር መልሳችሁ ታገኛላችሁ። እኔ ባብዛኛው የአበሻ ነው የማስገባው። ገብስማው፣ ዛጎልማው፣ ቀዩ ተቀላቅሎ ሲወጣ ማየት ደስ ይላል፤ በበዓል ሰሞንም ገዥ አያጣም።

ቅዳሜ ገበያ ስትሄዱ ከገጠር የመጡትን ሴቶች "አውራ አለሽ ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። አንዷ "እታለም፣ አውራ ባይኖረኝ ሌሊት ማን ይቀሰቅሰኛል!" ብላ ስቃብኛለች። ገጠር ዶሮ የሚውለው ተለቆ ስለሆነ የራሷ ባይኖር የጎረቤት አውራ አይጠፋም። ከባዱ ጥያቄ ሌላ ነው፤ መቼ ተጣለ? ሁለት ሦስት የአበሻ ዶሮ ያላት ሴት አንድ ቅርጫት ለመሙላት ብዙ ቀን ታጠራቅማለች። ቅርጫቱ ውስጥ የትናንቱም፣ የሦስት ሳምንቱም አብሮ ተቀምጧል። ለማስፈልፈል የሚሆነው ከተጣለ እስከ 7 ቀን ያለው ነው። እስከ 10 ቀን ያስኬዳል። ከዚያ በኋላ የሚፈለፈለው ቁጥር በየቀኑ ይወርዳል።

እኔ የማደርገው ይኸው ነው። ከአንዲት ሴት ጋር ተስማምቻለሁ። የዚያን ሳምንቱን ብቻ ለይታ ታመጣልኛለች፣ እኔም ከገበያው ዋጋ ጨምሬ እከፍላታለሁ። ጭማሪው አይቆጭም። ለ21 ቀን መብራት የምትከፍሉበትን እንቁላል በርካሽ መግዛት ትርፍ አይደለም።

በዐቢይ ጾም እንቁላል ሲረክስ "አሁን ነው ማስፈልፈል" የሚል ሰው ይበዛል። እኔ በጾም ወቅት ከማላውቀው ሰው አልገዛም። የረከሰው ስለማይሸጥ ነው፤ ስለማይሸጥ ደግሞ ቆይቷል። የግድ ከሆነ የስልካችሁን ባትሪ አብሩና በሰፊው ጫፍ በኩል ተመልከቱ። አዲስ እንቁላል የአየር ኪሱ፣ ማለትም ሰፊው ጫፍ ውስጥ ያለው ባዶ ቦታ፣ ጠባብ ነው። ገና ማሽን ሳይገባ ሰፍቶ ካገኛችሁት አሮጌ ነው፤ መልሱት።

ገበያ ላይ የመረጣችሁትን በባጃጅ ኮብልስቶን ለኮብልስቶን አንገጫግጫችሁ አምጥታችሁ በቀጥታ ማሽን ውስጥ አትክተቱ። ጉዞው የአየር ኪሱን ያናጋዋል። ቀጭኑን ጫፍ ወደ ታች አድርጋችሁ፣ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ፣ ቢያንስ ግማሽ ቀን፣ ቢቻል አንድ ሌሊት አሳርፉት። የጭቃ ቤት ጥግ ለዚህ ይመቻል። ፍሪጅ ውስጥ ግን አይገባም። አትጠቡትም። ቅርፊቱ ላይ ጀርም የሚከላከል ስስ ሽፋን አለው፤ ውኃ ያነሳዋል። ኩስ የነካው ካለ በደረቅ ጨርቅ ጠረግ ማድረግ ይበቃል። በጣም የቆሸሸውን ለማሽን አትመኙት።

ሙቀቱን ሁሉም ያውቀዋል። ፋን ባለው ማሽን 37.5 ዲግሪ ነው። ችግሩ ማሽኑ 37.5 ስላለ ብቻ 37.5 ነው ማለት አለመሆኑ ነው። የርካሽ ማሽን መለኪያ በአንድ ዲግሪ ቢሳሳት አይገርምም። አንድ ዲግሪ ደግሞ እዚህ ሥራ ላይ ብዙ ነው። ከፋርማሲ የሚገዛው የሰው ትኩሳት መለኪያ ጥሩ ዳኛ ይሆናል፤ የተሠራው እኛ ለምንፈልገው ሙቀት ነውና። ጫፉን እንቁላሎቹ መሃል አስገቡ፣ ክዳኑን ዝጉ፣ ቆየት ብላችሁ አንብቡ። በፈላ ውኃ ቴርሞሜትር ልፈትሽ የሚል ካለ ግን ጎንደር ላይ አይሆንም። እዚህ ከፍታ ላይ ውኃ 100 ሳይደርስ፣ 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። በበረዶ መፈተሽ ይቻላል። የተፈጨ በረዶ ከጥቂት ውኃ ጋር ተቀላቅሎ 0 ማሳየት አለበት።

ከመቀዝቀዝና ከመሞቅ የሚያስፈራው መሞቁ ነው። ለተወሰነ ሰዓት መቀዝቀዝን ጽንሱ ይችለዋል። እናት ዶሮም እኮ ለመብላት ትነሳለች። ወደ 40 ከወጣና እዚያ ከቆየ ግን ነገሩ አለቀ።

አሁን ከሁሉ በላይ ልናገር የምፈልገው ላይ ደረስን። እርጥበት። ከውጭ የሚመጡት መመሪያዎች "እስከ 18ኛው ቀን ከ45 እስከ 55 በመቶ፣ ከዚያ ከ65 እስከ 75" ይላሉ። ቁጥሩ ልክ ነው። ነገር ግን ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ላይ ናት። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ በቅርፊቱ ቀዳዳዎች የሚወጣው እንፋሎት ይፈጥናል። በዚያ ላይ ከኅዳር እስከ መጋቢት አየራችን ደረቅ ነው፤ ከንፈራችን ሳይቀር ይሰነጠቃል። ስለዚህ አንድ ሰው ቆላ ላይ የተሳካለትን የውኃ መጠን እዚህ ብትደግሙት እንቁላሉ ሊደርቅባችሁ ይችላል። እንቁላሉ ራሱ ከመተማ በኩል የመጣ ከሆነ ይብሳል። ደጋ የከረመች ዶሮ የምትጥለው እንቁላል ለዚህ አየር የተሻለ ነው። ከወገራና ከዳባት በኩል የሚመጣውን የምመርጠው ለዚህ ነው።

ታዲያ እርጥበቱ ልክ መሆኑ በምን ይታወቃል? በሚዛን። እንቁላል ከገባበት ቀን እስከ 18ኛው ቀን ከክብደቱ ከ12 እስከ 14 በመቶ መቀነስ አለበት። የቀነሰው ውኃው ነው። ውኃው በወጣበት ቦታ የአየር ኪሱ ይሰፋል፣ ጫጩቱም መጀመሪያ የሚተነፍሰው ከዚያ ነው። ስለዚህ የወጥ ቤት ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ይኑራችሁ። ስታስገቡ አንድ ላይ መዝኑና ጻፉ። 1,000 ግራም ከነበረ በ7ኛው ቀን 950 አካባቢ፣ በ14ኛው 905 አካባቢ፣ በ18ኛው ከ860 እስከ 880 መሆን አለበት። በመሃል ያወጣችሁት እንቁላል ካለ የእሱን ከመጀመሪያው ክብደት ላይ ቀንሱ። በፍጥነት እየቀነሰ ከሆነ ውኃ ጨምሩ። ቀርፋፋ ከሆነ ውኃ አውጡ። ማሽኑ 50 ይበል 60፣ እኔ የማምነው ሚዛኑን ነው።

ሚዛን ከሌላችሁ እርሳስ ይበቃል። በባትሪ እያያችሁ የአየር ኪሱን ወሰን ቅርፊቱ ላይ ምልክት አድርጉ። በየሳምንቱ ስትደግሙት ሲሰፋ ይታያችኋል። በ18ኛው ቀን ከእንቁላሉ ሲሶ ገደማ ይይዛል።

ለብቻው የሚሸጠውን ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ከገዛችሁ እሱም ይፈተሻል። አንድ የጠርሙስ ቆብ ጨው በጥቂት ጠብታ ውኃ አርጥቡ፤ ጭቃ ይምሰል እንጂ አይሟሟ። መለኪያውንና ቆቡን አንድ ላስቲክ ውስጥ አስራችሁ አሳድሩት። ጠዋት 75 ማሳየት አለበት። 70 ካለ 5 እየጨመራችሁ ታነቡታላችሁ ማለት ነው።

እርጥበት ለመጨመር ብሎ የማሽኑን የአየር ቀዳዳ መድፈን የተለመደ ነው። እባካችሁ አታድርጉት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ መጀመሪያውኑም ኦክስጅኑ ያነሰ ነው። ጽንሱ ባደገ ቁጥር ደግሞ የሚፈልገው ይጨምራል። እርጥበት የሚጨምረው የውኃው ፊት ሲሰፋ እንጂ ውኃው ሲጠልቅ አይደለም። ሰፋ ያለ ዝርግ ዕቃ አስገቡ፣ ወይም ንጹሕ ስፖንጅ አርጥባችሁ አኑሩ። የምትጨምሩት ውኃ ለብ ያለ ይሁን።

ማሽኑን የት ታስቀምጣላችሁ? ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ቀን ይጋላል፣ ሌሊት ይበርዳል። ቴርሞስታቱ ቢቆጣጠረውም ይለፋል። ኮርኒስ ያለው መኻል ክፍል፣ ከመስኮትና ከበር የራቀ ቦታ ይሻላል። አንድ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ደግሞ የእንጀራ ቀን ነው። በአንድ ቆጣሪ ብዙ ቤት በሚጠቀምበት ግቢ ምጣድ ሲሰካ መብራቱ ፈዘዝ ይላል። ማሽኑም በዚያው ይዳከማል። ከጎረቤቶቼ ጋር የምጣድ ሰዓት ተነጋግረናል። ሁለት ቤት በአንዴ አይጋግርም። እንጀራቸውም ጥሩ ወጣ፣ ጫጩቴም ተረፈ።

የመብራት መጥፋት ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። እናቴ ነጎድጓድ የታቀፈ እንቁላል ያበላሻል ትላለች። እሷ ጋ ክርክር አልገጥምም። ክረምት ላይ ነጎድጓድ ሲመጣ መብራት እንደሚሄድ ግን እኔም አይቻለሁ። መብራት ሲጠፋ የመጀመሪያው ነገር አለመደንገጥና አለመክፈት ነው። የተዘጋ ማሽን ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። ከአንድ ሰዓት በላይ ከሆነ ሙቅ ውኃ በሃይላንድ ጠርሙስ ሞልታችሁ፣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ፣ እንቁላሉን ሳይነካ አስገቡ። ማሽኑን በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ሸፍኑት፤ ቀዳዳዎቹ ግን ክፍት ይሁኑ። ውኃው ሲቀዘቅዝ ቀይሩ።

ይህ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ነው። ከዚያ በኋላ ነገሩ ይገለበጣል። ያደገ ጽንስ የራሱ ሙቀት አለው። ብዙ እንቁላል ባለበት ማሽን ውስጥ ፋኑ ሲቆም ሙቀቱ መሃል ላይ ይጠራቀማል፣ አየርም ያጥራል። በዚህ ጊዜ ሸፍኖ ከማፈን ይልቅ አልፎ አልፎ ክዳኑን ገርበብ እያደረጉ ማናፈስ ያስፈልጋል። አቅም ካላችሁ የመኪና ባትሪና የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይር ኢንቨርተር ግዙ። 80 ዋት የሚወስድ ማሽን ባለ 50 አምፒር ሰዓት ባትሪ ላይ ባትሪው ግማሹ እስኪያልቅ ከሦስት ሰዓት በላይ ይሠራል። ማሞቂያው ጠፋ በራ ስለሚል ብዙ ጊዜ ከዚያም በላይ ይቆያል።

ማገላበጡን ማሽኑ ካልሠራው እናንተ ትሠሩታላችሁ። በአንዱ ጎን መስቀል፣ በሌላው ክብ በእርሳስ ሳሉ። ጠዋት 1 ሰዓት፣ ቀን 7 ሰዓት፣ ማታ 3 ሰዓት ይበቃል። ሦስት የሆነው በምክንያት ነው። ጎዶሎ ሲሆን አንዱ ጎን ሁልጊዜ ሌሊቱን አያድርበትም። ሥራ የምትውሉ ሰዎች የቀኑን ለቤት ሰው አደራ በሉ። አደራው ግን ለአንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ ሁለት ሰው ካገላበጠ ተመልሶ እዚያው ነው።

በ7ኛው ቀን ጨለማ ክፍል ውስጥ ካርቶን ብሱና ባትሪ ከበታቹ አድርጋችሁ እንቁላሉን እዩ። ሕይወት ያለው መሃሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ይታይበታል፤ ከእሱ ቀይ ደም ሥሮች እንደ ሸረሪት እግር ተዘርግተዋል። ምንም የሌለበት፣ ጥርት ያለው፣ አውራ ያላገኘው ወይም ገና መጀመሪያ ላይ የቆመው ነው። ደም ቀለበት ሠርቶ ከታየ ማደግ ጀምሮ ሞቷል ማለት ነው። ሁለቱንም አውጡ። በ14ኛው ቀን ድገሙት። የሸተተ ካለ ሳትውሉ ሳታድሩ አውጡት። የገማ እንቁላል ማሽን ውስጥ ሲፈነዳ የሚረጨው ጀርም ደህናውንም ይበክላል። ሽታውንስ አታንሱት።

ቀን አቆጣጠሩ ላይ የሚሳሳት ብዙ ነው። ያስገባችሁበት ቀን አይቆጠርም። ሰኞ ያስገባችሁት በሦስተኛው ሳምንት ሰኞ ይፈለፈላል። 18ኛው ቀን ላይ ማገላበጥ ይቆማል፣ ውኃ ይጨመራል፣ ክዳኑ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ እጃችሁን ሰብስቡ። በጣም ከባዱ ክፍል ይህ ነው። ጫጩቱ ቅርፊቱን በሳ ካደረገ በኋላ 12 ሰዓት፣ አንዳንዴም አንድ ሙሉ ቀን ዝም ሊል ይችላል። አልሞተም። ሳንባው አየር እየለመደ፣ ደሙና አስኳሉ ወደ ሆዱ እየገባ ነው። ቸኩላችሁ ቅርፊቱን ብታነሱለት ይደማል። ክዳኑን ስትከፍቱ ደግሞ እርጥበቱ ብን ይላል። በተለይ በበጋችን የውስጡ ስስ ቆዳ ጫጩቱ ላይ ደርቆ ይጣበቃል፣ መዞር ያቅተዋል። የእኔ ልጆች በዚያ ሰሞን ማሽኑ አጠገብ ተቀምጠው ማየት ይችላሉ፤ ክዳን መንካት ግን ክልክል ነው።

መጀመሪያ የወጡት ይራባሉ ብላችሁ አትስጉ። የገባው አስኳል ሁለት ቀን፣ እስከ ሦስት ቀንም ያቆያቸዋል። የአንድ ቀን ጫጩት በካርቶን አገር አቋርጦ የሚጓዘው በዚህ ምክንያት ነው። ላባቸው ደርቆ ሲነፋፋ አንድ ላይ ታወጧቸዋላችሁ።

የወጡበት ጊዜ ራሱ ይናገራል። በ19 ወይም በ20 ቀን ቀድመው፣ ትንንሽ ሆነው፣ እምብርታቸው ሳይዘጋ ከወጡ ማሽኑ ሞቋል። በ22 እና በ23 ቀን፣ ሆዳቸው ትልቅ፣ ዝልፍልፍ ብለው ከወጡ ቀዝቅዟል። ሙሉ ሆነው ቅርፊት ውስጥ ከሞቱና ሲሰበር ርጥብ ከሆኑ ውኃው በዝቶ ነበር። ደርቀው ተጣብቀው ከተገኙ አንሶ ነበር። ስለዚህ ያልተፈለፈለውን ከመጣላችሁ በፊት ሰብራችሁ እዩ። ደስ አይልም፤ ግን ለቀጣዩ ዙር ከማንም ምክር ይሻላል።

ከወጡ በኋላ የመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ይፈልጋሉ፣ ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ቴርሞሜትር ባይኖርም ጫጩቶቹ ይነግሯችኋል። አምፖሉ ሥር ተጋፍተው ከጮኹ ብርዷቸዋል፣ ከአምፖሉ ሸሽተው አፋቸውን ከከፈቱ ሞቋቸዋል። ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ አታንድዱ፤ ጭሱ ባይታይም እነሱንም እናንተንም ይገድላል። መብራት በሚጠፋበት ሌሊት ዙሪያው ጭድ የተጠቀጠቀ ጠባብ ሳጥን፣ ከላይ አየር በሚያስገባ ነገር ተሸፍኖ፣ በራሳቸው ሙቀት ያሳድራቸዋል።

የታቀፈች የአበሻ ዶሮ ካለቻችሁ ግን ይህን ሁሉ ትገላገላላችሁ። ሌሊት ጨለማ ውስጥ ጫጩቶቹን አንድ አንድ እያላችሁ ከሥሯ አስገቡ። ጠዋት የኔ ብላ ትነሳለች። ታቅፋ ጥቂት ቀን ብቻ የሆናት ሁልጊዜ አትቀበልም፤ ወደ መጨረሻው የደረሰችው ትሻላለች። ጠዋት ቀድማችሁ ተነሱና እንዳትነክሳቸው እዩ።

ክትባቱን አትዝለሉ። ፈንግል የሚባለው የዶሮ በሽታ ከገባ አንድም አያስቀርም። ችግሩ አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚሆን ነው፣ ከተበጠበጠ በኋላም ኃይሉ ቶሎ ያልቃል። ለአሥራ ምናምን ጫጩት ብሎ መክፈት ያስቆጫል። እኛ ሰፈር ጫጩት ያለን ሰዎች ተጠራርተን፣ የእንስሳት ሐኪም ጠርተን፣ በአንድ ጠዋት ሁሉንም እናስከትባለን። በውኃ የሚሰጥ ከሆነ ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውኃ ክትባቱን እንደሚገድለው አስታውሱ፤ የጉድጓድ ወይም የዝናብ ውኃ አዘጋጁ።

ግማሽ ያህሉ አውራ መሆኑ አይቀርም፤ ስለዚህ የምታስገቡበትን ወር ከበዓሉ ወደ ኋላ ቁጠሩ። የአበሻ አውራ ለገበያ ለመድረስ አምስት ስድስት ወር ይፈልጋል። ለፋሲካ የሚደርስ ከፈለጋችሁ ጥቅምት ላይ፣ ለእንቁጣጣሽ ከሆነ ደግሞ የካቲት ላይ እንቁላሉ ማሽን ውስጥ መሆን አለበት። የካቲት ግን ጾምም ነው፣ ደረቅም ነው። እንቁላሉን የምታመጣላችሁን ሴት ከጥምቀት ጀምሮ አነጋግሯት፣ ውኃውንም በሚዛን ተከታተሉ።